ጉርሻ እምቢ ያለችው የምግብ ባለሙያ

አንድ በጋ፣ እህል ከአውድማ ገብቶ ዳስ በየደጃፉ በሚጣልበት ወቅት፣ ስንዱ የምትባል የሥነ ምግብ ባለሙያ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ከትልቁ ከተማ ወደ አጎቷ አገር ሄደች።

ስንዱ የምታስተምረውን የምትኖር ሰው ነበረች። ይህ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ጥርሱ የተበላ የጥርስ ሐኪም፣ ሱሪው የተተረተረ ልብስ ሰፊ በየመንደሩ ሞልቷል። እሷ ግን ለበሽተኞቿ ያዘዘችውን ሁሉ አስቀድማ በራሷ ላይ ትፈጽማለች። ጠዋት ጠዋት አምስት ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። ቁርሷ ውሃ ውስጥ ያደረ አጃ ነው። ምሳዋን ሳትመዝን አትቀምስም፤ ለዚህም መዳፍ የምታህል ሚዛን በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች። ስኳር ከቤቷ ከወጣ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ቅቤንማ በዝና ብቻ ነው የምታውቀው ማለት ይቻላል።

ወደ አጎቷ አገር የሄደችው ግን ለመዝናናት አልነበረም። የአጎቷ ሚስት እትዬ የሻረግ ደውለውላት ነው።

«ነይልኝ ልጄ» አሏት። «አጎትሽን ሐኪሙ ‹ስኳርዎ ካልወረደ ክረምት ሳይገባ እግርዎ እንዳይቆረጥ ያሰጋል› ብሎታል። ካሁኑም ይደነዝዘዋል። እሱ ግን ከሐኪም ቤት ከተመለሰ ወዲህ ጭራሽ ሻዩ ላይ አንድ ማንኪያ ስኳር ጨምሯል። ለምን ስለው ‹ልሰናበተው ነው› ይለኛል።»

ስንዱ ይህን ስትሰማ ልቧ ተረበሸ። አጎቷ ጋሽ ደግፌ፣ አባቷ በልጅነቷ ሲሞት እንደ አባት ሆነው ያሳደጓት ሰው ናቸው። ወንዙ በሞላ ቁጥር በትከሻቸው ተሸክመው እያሻገሩ ትምህርት ቤት ያደረሷት በእነዚያ እግሮች ነው። «እኔ ቆሜ እያየሁ አይቆረጡም!» ብላ ማለች። ሚዛኗን፣ የስኳር መለኪያዋን፣ ባለ ቀለም የምግብ ሰንጠረዧንና ለአርባ ቀን የሚበቃ አጃ ሻንጣዋ ውስጥ ከትታ መንገድ ጀመረች።

እትዬ የሻረግ በር ላይ ሲያዩዋት ደስታቸው ወዲያው ወደ ድንጋጤ ተለወጠ።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ? ታመሽ ነበር እንዴ?»

«ጤነኛ ነኝ እትዬ።»

«ጤነኛ ሰው እንዲህ ይከሳል?»

ወሬው ቶሎ ተዳረሰ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎረቤቶች ሊጠይቋት መጡ። አንዷ ለጋ ቅቤ በቅል ይዘው መጡ፤ ሌላዋ ዶሮ ላኩ። ሦስተኛዋ ልጃቸውን ሊድሩላት አስበው የመጡ ነበሩ፤ ከእግሯ እስከ ራሷ ካዩዋት በኋላ ሐሳባቸውን ይዘው ተመለሱ። ስንዱ ሁሉንም አመስግና ውሃ ውስጥ የሚያድረውን አጃዋን ለማዘጋጀት ገባች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የስፖርት ጫማዋን አሰረችና ሩጫዋን ጀመረች። አንድ ያላወቀችው ነገር ነበር። በዚያ አገር ትልቅ ሰው በከንቱ አይሮጥም። ትልቅ ሰው ከሮጠ ወይ ቤት እየተቃጠለ ነው፣ ወይ ከብት ገደል ገብቷል፣ ወይ ሰው ሞቷል። በመጀመሪያ ያየቻት ውሃ የምትቀዳ ሴት ጀሪካኗን ጥላ ተከተለቻት። ሁለተኛው መጥረቢያውን አነሣ። ሦስተኛው ባልዲ ያዘ። ስንዱ የእግር ኮቴ ከኋላዋ ስትሰማ ዘወር ብላ አየችና ልቧ በደስታ ሞላ። «ገና በመጀመሪያው ቀን ሕዝቡ ስፖርት ጀመረ!» አለች በሆዷ፤ ለማበረታታትም ፍጥነቷን ጨመረች። ሕዝቡ ደግሞ ፍጥነት መጨመሯን ሲያይ ነገሩ የባሰ መሆኑ ገባውና እየተጠራራ ወጣ።

ድልድዩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ አርባ ያህል ሰው ነበር። አንዲት ሴት ነጠላዋን አገልድማ ለቅሶ ጀምራለች። ስንዱ ቆመች፤ እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ወገቧን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አጠፈች። ሕዝቡ እያለከለከ ጠበቃት። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቀረብ አሉ።

«ልጄ፣ ቁርጡን ንገሪን። ማን ሞቶ ነው?»

«ኧረ ማንም አልሞተም አባባ! ለጤናዬ ነው የምሮጠው።»

ሽማግሌው የመጣችበትን መንገድ ዞረው አዩ። «ጤናሽ ወዴት ሄዶብሽ ነው የምታሳድጂው?» አሏት።

ከሁሉ የባሰ የተናደደችው ለቅሶ የጀመረችው ሴት ነበረች። ለማንም ያልሆነ እንባ ማፍሰስ ቀላል ነገር አይደለም። ስንዱ ይቅርታ እየለመነች በእግሯ ተመለሰች። ጋሽ ደግፌ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቋት። «ቀስ በይ ልጄ» አሏት ሳቃቸውን እየዋጡ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» እሷ ግን ምክሩን የሰማችው በአንድ ጆሮዋ ነበር።

ያን ቀን የምግብ ሰንጠረዧን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀለች። ቀዩ የተከለከለ፣ ቢጫው የሚቀነስ፣ አረንጓዴው የሚበላ ነው። ጋሽ ደግፌ የሚወዱት ሁሉ ቀይ ውስጥ ነበር፤ ድፎ ዳቦው፣ ጠጁ፣ ለስላሳው፣ ባለ ስድስት ማንኪያ ሻዩ። ከዚያ ሚዛኗን አወጣችና የአጎቷን እንጀራ ቆርሳ መዘነች። እትዬ የሻረግ ይህን ሲያዩ እየተጣደፉ በሩን ዘጉ።

«ምነው እትዬ? ይሞቃል እኮ።»

«ይሙቅ! እንጀራ ሲመዘን ጎረቤት ካየ ‹የእነ ደግፌ ጓዳ ተራቆተ› ተብሎ እስከ ገበያ ይወራል።»

ጋሽ ደግፌ ግን ምንም አልተቃወሙም። ስንዱ ጎመን ስትላቸው «እሺ ልጄ» ይላሉ። ምስር ስትላቸው «እሺ ልጄ»። ያለ ስኳር ሻይ ስታቀርብላቸውም ፊታቸውን እንደ ኮሶ ጠጪ አጨማደው «እሺ ልጄ» ብለው ይጨርሱታል። እሺ ይበልጣል ከሺ ይላሉ አበው፤ ስንዱም እሺ በእሺ ስትሆን ሥራዋ የተሳካ መሰላት። አጎቷ የተመዘነላቸውን በልተው፣ ተመስገን ብለው፣ ከዘራቸውን አንሥተው «እስቲ ሰው ልጠይቅ» እያሉ ይወጣሉ። በዚያች ትንሽ ከተማ ጋሽ ደግፌ ሳይመርቁ ድግስ አይጀመርም፣ ጋሽ ደግፌ ሳይቀምሱ ጠጅ አይቀዳም። ወሩ ደግሞ የሠርግ ወር ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንዱ ጣታቸውን ወግታ ስኳራቸውን ለካች። ጭራሽ ጨምሯል። መለኪያው የተበላሸ መስሏት የራሷንም ጣት ወጋች፤ መለኪያው ደህና ነው።

«ዋሹኝ ጋሼ?» አለቻቸው።

«እኔ መቼ ዋሸሁ? የመዘንሽልኝን አንድም ሳላስቀር በልቻለሁ» አሉ ጋሽ ደግፌ ከልባቸው ተገርመው። «ያልመዘንሽውን አልበላም ብዬሻለሁ እንዴ?»

ስንዱ ወደ ክፍሏ እየገባች «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብላ አጉተመተመች፤ ወዲያው መከራው የማን እግር እንደሆነ ትዝ አላትና ምላሷን ነከሰች።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ጥፋቱ የአጎቷ ብቻ አልነበረም። ስንዱ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ከማንም ጋር አንድ ትሪ ላይ እጇን አላስገባችም። በትንሿ ክፍል ውስጥ፣ በራሷ ሳህን፣ የመዘነችውን ብቻዋን ትበላ ነበር። እትዬ የሻረግ «ነይ ቅረቢ» ሲሏት «በልቻለሁ» ትላለች። በዚያ አገር «በልቻለሁ» የድርድር መጀመሪያ እንጂ መልስ አይደለም፤ እሷ ግን ተናግራ በሯን ትዘጋለች። ጋሽ ደግፌም የተመዘነላቸውን ይዘው ከትሪው ርቀው ለብቻቸው ይቀመጣሉ። አንድ ቤት ሆኖ ሦስት ገበታ ማለት ነው።

ነገሩ የፈነዳው በእማማ ትብለጥ ቤት ነው። እማማ ትብለጥ በግቢ የሚጎራበቱ ባልቴት ሲሆኑ፣ የመጨረሻ ልጃቸውን እየዳሩ ነበር። ስንዱም ለወግ ያህል ዳሱ ውስጥ ገብታ ከአጎቷ አጠገብ ተቀመጠች። ከፊቷ ያለው ትሪ በቅቤ ይዋኛል። እማማ ትብለጥ እየዞሩ ሰው ሲያጎርሱ ቆይተው ስንዱ ጋ ደረሱ። በእጃቸው የያዙት ጉርሻ የጨቅላ ሕፃን ጭንቅላት ያህላል፤ ቅቤው በክርናቸው በኩል ይወርዳል።

«እንኪ የኔ ልጅ፣ በሞቴ!»

ስንዱ አፏን በእጇ ሸፈነች። «ይቅርብኝ እማማ።»

«ኧረ አፈር ስሆን!»

«አልችልም እማማ። ይህቺ ጉርሻ ብቻዋን አራት መቶ ካሎሪ ትሆናለች።»

በዳሱ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እማማ ትብለጥ ካሎሪ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ግን ከአነጋገሯ ቅቤያቸው እንደተሰደበ ገብቷቸዋል። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። በልጅ ሠርግ ቀን፣ በሰው ፊት፣ ጉርሻ ይዞ ቆሞ መቅረት ምን እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። ያን ጊዜ ጋሽ ደግፌ አንገታቸውን አስግገው ጉርሻውን በአፋቸው ተቀበሉ። አንድ ጉርሻ ደግሞ ያጣላል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ተጨመረ። ሁለተኛው ካለ ሦስተኛው አይቀርም። የእህታቸውን ልጅ ከኀፍረት ለማውጣት ሦስቱንም ዋጡ። እሷ የከለከለችው ሁሉ እሳቸው ሆድ ውስጥ ገባ። ከዚያም የደፈረሰውን ለማጥራት ብለው ተነሥተው ጨፈሩ። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ እንዲሉ፣ የጋሽ ደግፌን ያህል የዘለለ በዚያ ዳስ ውስጥ አልነበረም። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እማማ ትብለጥም ፈገግ አሉ፤ ጉርሻው የተረሳ መሰለ።

ቤት ደርሰው ጋሽ ደግፌ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠው አንዱን ጫማቸውን አወለቁ። ከጫማው ውስጥ አንድ የለስላሳ ቆርኪ ወድቆ ተንከባለለ። እትዬ የሻረግ በሳቅ ፈረሱ። ስንዱ ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ የአጎቷን ውስጥ እግር አየች። የቆርኪው ጥርሶች ክብ ሆነው ታትመዋል። እግዜር ሲያተርፈው ቆዳው አልተበሳም።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ሰዓት ሲጨፍሩ አላመመዎትም?»

«ምኑ?» አሉ ጋሽ ደግፌ።

ስንዱ ተነሥታ ክፍሏ ገባችና አለቀሰች። እንደ ባለሙያ አልነበረም ያለቀሰችው፤ እንደ ልጅ ነው፣ ንፍጧን በእጅጌዋ እየጠረገች። ጋሽ ደግፌ በአንድ እግራቸው ጫማ፣ በአንድ እግራቸው ባዶ ሆነው ተከትለዋት ገቡ።

«ፈርቼ ነው» አለቻቸው።

«እኔም እፈራለሁ ልጄ። ሐኪሙ ከነገረኝ ቀን ጀምሮ እፈራለሁ።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ግን አንቺ ከመጣሽ ወዲህ በገዛ ቤቴ ብቻዬን እበላለሁ። አንቺ በሳህንሽ፣ እኔ በሚዛንሽ። ብቻውን የሚበላ ወይ እስረኛ ነው ወይ በሽተኛ። ሁለቱንም አልሆንም ብዬ ሰው ወዳለበት ሸሸሁ። ከእጄ አንድ ጉርሻ ያልተቀበለ ሰው ‹ይህን ብላ፣ ያንን ተው› ሲለኝ እሺ እላለሁ እንጂ አልሰማውም።»

«ጎረቤቶቹ መታመምዎን ያውቃሉ?»

«አያውቁም። ‹ደግፌ አለቀለት› እንዳይሉኝ ብዬ ነው።» ባዶ እግራቸውን በእጃቸው አሻሹ። «እንግዲህ ከፈለግሽ ንገሪያቸው።»

በማግስቱ ስንዱ ሚዛኗን ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ቀጥታ እማማ ትብለጥ ዘንድ ሄደች። እማማ ትብለጥ የሠርግ ዕቃ እያጠቡ ነበር፤ አይተዋት ፊታቸውን አዞሩ።

«እማማ» አለች ስንዱ በሩ ላይ ቆማ። «የትናንቱን ጉርሻዬን ልወስድ መጣሁ።»

እማማ ትብለጥ ከዕቃው ቀና አላሉም። «ቀዝቅዟል» አሉ።

«ቢቀዘቅዝም።»

እማማ ትብለጥ እጃቸውን ታጥበው ከትናንቱ የተረፈውን አቀረቡ። አሞቁት እንጂ ቀዝቃዛ አላጎረሷትም፤ ቂም ቢይዙም ወግ ያውቃሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስንዱ ሦስተኛውን ስትውጥ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከጭንቀት አልነበረም። ጣፍጧት ነው። ሰባት ዓመት የት እንደነበረች ግራ ገባት። ከዚያ አፏን ጠራርጋ ስለ አጎቷ እግር አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ስለ ቆርኪውም ጭምር። እማማ ትብለጥ ደረታቸውን መቱ።

«ምነው ታዲያ በካሎሪ ትነግሪናለሽ? ‹የደግፌ እግር› ብትይን ኖሮ ጉርሻውን ከአፉ ውስጥ መንጭቄ አወጣው ነበር!»

ያን ቀን ምሳ ላይ ስንዱ እጇን ታጥባ ከአጎቷ ቀኝ ተቀመጠች። በትሪው ላይ በአንድ በኩል ጎመንና ምስር፣ በሌላ በኩል ጥብስ ነበር። ጋሽ ደግፌ እጃቸውን ወደ ጥብሱ ሲልኩ ስንዱ ጎመኑን በስስ እንጀራ ጠቅልላ አፋቸው ጫፍ ላይ አደረሰችው።

«ጋሼ፣ በሞቴ!»

ጋሽ ደግፌ ጎመኑን አዩት፤ እሷን አዩዋት። ሰንጠረዥ ቢሆን እሺ ብለው ያልፉታል። ሚዛን ቢሆን ከዘራቸውን አንሥተው ይወጣሉ። ጉርሻ ግን እምቢ አይባልም። በስድሳ አንድ ዓመት ዕድሜያቸው የማንንም ጉርሻ መልሰው አያውቁም። አፋቸውን ከፈቱ። ገና አላምጠው ሳይጨርሱ ሁለተኛው መጣ፤ ሦስተኛውም ተከተለ። ከዚያ ተራው የእሳቸው ሆነ። ያጎረሰ መጉረሱ አይቀርምና፣ ከጥብሱ ስቡ የበዛውን መርጠው ጠቅልለው ዘረጉላት። ስንዱ ዓይኗን ጨፍና ተቀበለች። እንዲህ እየተቀባበሉ ጋሽ ደግፌ ስድስት ጉርሻ ጎመንና ምስር ሲጎርሱ፣ ስንዱ ስድስት ጉርሻ ጥብስ ጎረሰች። ጥብሱ አለቀ። ጋሽ ደግፌ ጠግበው ወደ ኋላ ተደገፉና የሆነውን የተረዱት ያን ጊዜ ነበር።

«ወይ ጉድ!» አሉ። «ሥጋዬን ሁሉ አንቺ በላሽብኝ።»

ከዚያ ወዲህ የጋሽ ደግፌ ነፃነት አበቃ። እማማ ትብለጥ ወሬውን በአንድ ቀን አዳረሱት። ጋሽ ደግፌ የትም ድግስ ቢሄዱ ከስድስት አቅጣጫ የጎመን ጉርሻ ይወረወርባቸዋል፤ ጠጅ ሲጠይቁ በብርሌ ውሃ ይቀዳላቸዋል። «በዚህ አገር ሥጋ የሚያጎርስ ሰው አልቋል እንዴ?» እያሉ ቢያማርሩ የሚሰማቸው የለም። እንጀራው ራሱ እያነሰ መጣ፤ ማን እንደቀነሰው ሳይታወቅ፣ በግራም ሳይሆን በእትዬ የሻረግ ዓይን።

የቀረው እግር ማንቀሳቀስ ነበር። ስንዱ ስለ ሩጫ ዳግመኛ አላነሣችም። ይልቅ አንድ ጠዋት «ጋሼ፣ ያልጠየቅናቸው ዘመዶች አሉ አይደል?» አለቻቸው። ጋሽ ደግፌ አፈሩ፤ በእርግጥም ብዙ አሉ። በዚያ አገር ያለ ጉዳይ የሚራመድ ሰው ሥራ ፈት ነው፣ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ ግን ይመረቃል። ስለዚህ በየማለዳው መሄድ ጀመሩ፤ አንድ ቀን ወደ ላይኛው ሰፈር፣ አንድ ቀን ከወንዝ ማዶ። ስንዱ ከመውጣታቸው በፊት ሁለቱንም ጫማ ታራግፋለች፤ ውስጡን በጣቷ ትዳስሳለች። የሚሄዱት ጎህ ሲቀድ የሆነው በተንኮል ነው። ያን ሰዓት በማንም ቤት እሳት አልተያያዘም፤ ባለቤቱ የሚያቀርበው ቢቸግረው ውሃና ምርቃት ብቻ ነው። ተመልሰው ቁርሳቸውን ቤታቸው ይበላሉ።

አንድ ጊዜ ብቻ ተንኮሉ ከሸፈ። ጋሽ ደግፌ በእርሻ ድንበር ተኳርፈው ዘጠኝ ዓመት ያላነጋገሩት የአጎታቸው ልጅ ቤት ሄደው ታረቁ፤ ሰውየው በደስታ በግ አረደ። ያን ዕለት ስንዱ ያጎረሱዋትን ሁሉ ስትቀበል ውላ፣ ቤት የተመለሰችው ወገቧን ይዛ ነው። ፈቃዷ ሊያልቅ ሲል አራት ኪሎ ጨምራ ነበር። እትዬ የሻረግ ጉንጯን ቆንጥጠው «አሁን ገና ሰው መሰልሽ!» አሏት። እኒያ ልጃቸውን ሊድሩላት ያሰቡ ጎረቤትም ሐሳባቸውን ይዘው እንደገና መጡ።

በጋው ሲገባደድ ጋሽ ደግፌ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። ሐኪሙ ስኳራቸውን ለክቶ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «በጣም ወርዷል!» አለ። «መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፣ እግርዎንም በየቀኑ ይመልከቱ እንጂ፣ እንዲህ ከቀጠሉ መቁረጥ የሚባል ነገር አናነሣም።» እትዬ የሻረግ እልልታቸው ኮሪደሩን ሞላው። ሐኪሙ ወደ ስንዱ ዞሮ «ምን ዓይነት የአመጋገብ ዕቅድ ነው ያወጣሽላቸው?» ብሎ ጠየቃት።

ስንዱ አፏን ሳትከፍት ጋሽ ደግፌ ቀደሟት።

«ዕቅዱ ቀላል ነው ዶክተር። እሷ የእኔን ኃጢአት ትበላለች፣ እኔ የእሷን ጽድቅ እበላለሁ።»

ይህን አንብቦ ቅቤ ሊያስጨምር የሚነሣ ሰው ካለ ቁጭ ይበል። ቅቤው ቅቤ ነው፤ ስኳሩም ስኳር። ስንዱ የተናገረችው ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እውነት ነበር፤ ወደ ከተማዋ ስትመለስም ከአራቱ ኪሎ ጋር ብዙ መታገል ነበረባት። ግን እውነቷን ይዛ በሌላ ገበታ ስለተቀመጠች የሚሰማት አልነበረም።

ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ቀን አንድ ትከሻቸው የጎበጠ ትልቅ ሰው ቢሯ ገቡ። የሚበሉትን በሙሉ በወረቀት ጽፈው አምጥተዋል። «ላንብብልሽ?» አሏት።

«ቆይተው ያነቡልኛል አባቴ» አለች ስንዱ። «መጀመሪያ ከማን ጋር እንደሚበሉ ይንገሩኝ።»

ሰውየው ወረቀቱን አጠፉት። «ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ» አሉ «እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ስንዱ ከጠረጴዛው ጀርባ ወንበሯን አንሥታ አጠገባቸው አድርጋ ተቀመጠች።

ሰው የሚጠቅመውን ስላላወቀ ብቻ አይጠፋም፤ አብዛኞቻችን የሚጎዳንን ከሚመክረን ሰው በላይ እናውቀዋለን። የሚያድነን ምክር እያለ የማንሰማው፣ መካሪው ንጹሕ እጁን ይዞ ከሩቅ ሲያዘን ነው። አብሮን ተቀምጦ ከእኛው ትሪ የተነካካ እጅ የዘረጋውን ግን፣ ቢመርም እንውጠዋለን። እርስዎስ ለመጨረሻ ጊዜ የመከሩት ሰው ማን ነው? ምክርዎን እንዲቀበል ከመጠየቅዎ በፊት፣ እሱ የዘረጋልዎትን ተቀብለው ነበር?